የጎረቤት ፍሳሽና ጭስ ሲያስቸግራችሁ አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ክረምት ሲገባ እኛ ሰፈር አንድ የታወቀ ነገር አለ። ዝናቡ ጠንከር ሲል ከግቢዎቹ በአንዱ የጉድጓድ ክዳን ይነሳል። ሞልቶ የከረመው የሽንት ቤት ፍሳሽ ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዲች ይወርዳል። ሲነጋ ቦዩ ዳር የሚቀረው ሽታና የሶፍት ቁራጭ ነው። ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዝናብ ግን በነፃ ነው።

ዲቹ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ አቃቂ ይሄዳል። በአቃቂ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። በክረምት የለቀቅነውን በበጋ ከጉልት እንገዛዋለን።

ሁለት ክረምት አፍንጫዬን ይዤ አለፍኩ። በሦስተኛው ሄጄ በቃል አመለከትኩ። «እናየዋለን» አሉኝ። ምንም አልታየም። ችግሩ ሕግ ማጣት እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእጄ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። እኔ በጣም የምወደው አንቀጽ 11ን ነው። አቤቱታ ለማቅረብ ጉዳቱ እናንተን በቀጥታ እንደነካችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ተከራይም፣ መንገደኛም ማመልከት ይችላል። «የቤቱ ካርታ በስምዎ ነው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ መልሱ «አያስፈልግም፣ አንቀጽ 11 ይፈቅድልኛል» ነው።

ለጭስና ለሽታ ሌላም ድጋፍ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። «ልክ ያለፈ» የምትለዋን ልብ በሉ። ሕጉ የአካባቢውን ልማድ ጭምር ያያል። ስለዚህ የእሁድ ቡና ጭስ ይዛችሁ ክስ እንዳትሄዱ። በየቀኑ ፕላስቲክ የሚያነድ ወይም በክፍት ግቢ መኪና ቀለም የሚረጭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

1. ምንጩን እወቁ

እዚህ ላይ እኔ ተሳስቻለሁ። አጥር ሥር የሚፈስ ነገር አይቼ ከጎን ያለውን ሰውዬ ጠረጠርኩ፤ ፊትም ነሳሁት። በኋላ ሲታይ መንገድ ላይ ያለው ማንሆል በጨርቅ ተደፍኖ ነው። የመንገድ ማንሆል ከሞላ የሚመለከተው የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ነው፤ ጎረቤታችሁን ተዉት። ጥርጣሬው ከራሳችሁ ቤት ከሆነ ትንሽ የምግብ ቀለም ሽንት ቤታችሁ ውስጥ ጨምራችሁ ውሃ ልቀቁ። ቀለሙ አጥሩ ሥር ከወጣ ጥፋተኛው እናንተ ናችሁ።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ርቀቱን ለኩ። በተለምዶ የሚመከረው በሽንት ቤትና በውሃ ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር ነው። በጠባብ ግቢ ይህ የማይታሰብ ነው። እንግዲያው ውሃውን ሳታስመረምሩ አትጠጡት።

2. አነጋግሩ

በቡና ሰዓት ሂዱ፣ ወይም የዕድሩን ዳኛ ላኩ። ካለቀ አለቀ።

3. መዝግቡ

አንድ ደብተር ያዙ። «ሐምሌ 9፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ከባድ ዝናብ፣ ከአረንጓዴው በር ሥር ጥቁር ፍሳሽ፣ እስከ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ በሩ ወይም የመብራት ምሰሶው አብሮ ይታይ፤ አለበለዚያ የየት ሰፈር ውሃ እንደሆነ ማን ያውቃል? ግቢያቸው ግን አትግቡ። በአዋጁ መሠረት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ገብቶ ማየት የሚችለው የአካባቢ ተቆጣጣሪው ነው።

4. ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦

«በወረዳችን … መንገድ ከሚገኘው ግቢ በክረምት ሌሊት የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ጎርፍ መውረጃ ይለቀቃል። የታየባቸውን 6 ቀናት ዝርዝርና 4 ፎቶ አያይዣለሁ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።»

ስድብ የለም፣ «ሕዝቡ እያለቀ ነው» የለም። ችግሩ ከጋራዥ ወይም ከወርክሾፕ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ቦታው በከተማው ፕላን ለመኖሪያ ነው ወይስ ለቅይጥ አገልግሎት የተመደበው? ፈቃዱስ ለዚያ ሥራና ለዚያ ቦታ ነው? ብዙ ሰው ስለ ጭሱ ይጮኻል እንጂ ይህን አይጠይቅም።

ደብዳቤውን ለከተማው ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አድርጉት፤ ለወረዳው ግልባጭ ስጡ። የመሥሪያ ቤቱ ስም በየጊዜው ስለሚቀያየር መጀመሪያ የበሩን ታፔላ እዩ። አዋጁ አቤቱታ ተቀባይ የሚለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን እንጂ ወረዳውን አይደለም፤ ቀኑም የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ ካስገባችሁበት ነው።

ከሁሉ በላይ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት በእናንተ ቅጂ ላይ «ገቢ» የሚለውን ማህተም፣ ቀንና ቁጥር ሳታስደርጉ አትውጡ። «ማህተሙን የያዘችው ልጅ ምሳ ወጥታለች» ከተባለ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

5. ቁጠሩ

ከገባበት ቀን አንስቶ 30 ቀን። በዚያ ውስጥ ውሳኔ ካልመጣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ። 60ው ቀን የሚጀምረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ሊሰጥ ይገባው ከነበረበት ቀን ነው። ሁለቱንም ቀን ካላንደር ላይ አክብቡ። እዚህ ስትደርሱ ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

እኔ እዚያ አልደረስኩም። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ፣ ክዳኑን አስነሱ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ባለፈው ሐምሌ መጣጩ መኪና በጠራራ ፀሐይ መጣ። መንገዱን አንድ ሰዓት ሙሉ ዘጋብን። ጡሩንባ የነፋበት ሰው የለም።