ፓስታዬ መጣበቁን ያቆመው እንዲህ ነው

የእሁድ ምሳችን ፓስታ በስጎ ነው፤ እማዬ ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያው። እኔ ስሠራው ግን እየተጣበቀ ገንፎ ይሆንብኝ ነበር። ውሃው ላይ ዘይት ጨመርኩ፤ ምንም። በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት፤ ይባስ ብሎ ስጎው አልይዘው አለ።

ለካ ድስቴ ትንሽ ነው! አሁን ለግማሽ ኪሎ ፓስታ 5 ሊትር ውሃ አፈላለሁ። መጀመሪያ 2 ደቂቃ ሳላቋርጥ አማስላለሁ፤ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ፓኬቱ 9 ደቂቃ ቢልም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እኔ ጋ 12 ደቂቃ ይፈጃል። ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ አስቀርቼ ከስጎው ጋር አዋህደዋለሁ።

እማዬ ቀመሰችና «ትንሽ ጥሬ ነው» አለች። እንደ ልማዷ በእንጀራ ጠቅልላ ግን ጨረሰችው።