የጃፓን አጀንዳ አያያዝ፦ የሳምንቱን ለሳምንት፣ የቀኑን ለቀን

ጃፓኖች ቴቾ የሚሉትን አጀንዳ፣ ማለትም የቀጠሮና የዕቅድ ደብተር፣ ገዝቶ በሁለተኛው ወር መተው የተለመደ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስንፍና ሳይሆን አንዱን ጉዳይ በወሩም፣ በሳምንቱም፣ በቀኑም ገጽ ላይ ደጋግሞ መጻፍ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የቀንዎን መልክ ይዩ። ቀጠሮ የሚበዛበት ሰው እንደ ኮኩዮ ኩባንያ ጂቡን ቴቾ 24ቱ ሰዓት ቁልቁል የተሰመረበትን ይያዝ። ሥራው በዝርዝር የሚሄድ ከሆነ ሆቦኒቺ የተባለው ድርጅት የሚያወጣው ዊክስ ይበቃዋል፤ በግራ ገጹ ሰባቱ ቀናት፣ በቀኝ ገጹ ባዶ ካሬዎች አሉት። የሆቦኒቺ ዋናው እትም የወረቀት መጠኑ ኤ6 ነው፤ ለየቀኑ አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጣል፣ የሳምንት ገጽ ግን የለውም። ወሩንም ሳምንቱንም ቀኑንም የያዘው በመጠን እጥፍ የሆነው የኤ5 እትም፣ ካዝን፣ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይከብዳል። የጃፓን የትምህርትና የበጀት ዓመት የሚገባው በኤፕሪል ስለሆነ ከዚያ ወር የሚጀምሩ እትሞችም አሉ፤ ሽፋኑን ሳያዩ አይግዙ።

የወሩ ገጽ ላይ ቀኑ የማይነቃነቅ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ የመጨረሻ ቀን፣ ጉዞ፣ ክፍያ። ሳምንቱ ከመግባቱ በፊት 15 ደቂቃ ወስደው የዚያን ሳምንት ቀጠሮዎች ከወሩ በእስክሪብቶ ያውርዱ፣ ሊዛወር የሚችለውን ሥራ ደግሞ በእርሳስ ያስገቡ። ስብሰባው ከ14:00 እስከ 15:30 ከሆነ ሳጥኑን በዚያ ልክ ይሳሉ፤ መንገዱ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ከሳጥኑ በላይና በታች ያንኑ ያህል በስሱ ያጥቁሩ። ይህ ካልተደረገ 13:30 ላይ የሌለ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ሰው የሚያረፍደውም እዚያ ላይ ነው።

የቀኑ ገጽ ቀጠሮ አይደገምበትም። ከግራ ጠርዝ ያሉትን ካሬዎች እንደ ሳጥን እየተጠቀሙ የዕለቱን ሥራ ይዘርዝሩ፤ ዋና ዋናዎቹ ከሦስት ባይበልጡ ይሻላል። ሲጀመር አንድ ሰያፍ መስመር፣ ሲያልቅ ሁለተኛውን አቋርጠው ኤክስ ያድርጉት፤ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር ቀስት። ሦስት ጊዜ ቀስት የተደረገበት ሥራ ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ ይከፈል፤ ወይ አያስፈልግም፣ ይሰረዝ።

ወረቀቱ ስስ ነው። ሆቦኒቺ የሚታተምበት ቶሞኤ ሪቨር የተባለው ወረቀት በካሬ ሜትር 52 ግራም ሲሆን የተለመደው የኮፒ ወረቀት 80 ነው። ስለዚህ የጀርባው ጽሑፍ ጥላው ይታያል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። አልኮል ያለው ማርከር ግን ዘልቆ ያልፋል። 0.38 ሚሊሜትር ጄል እስክሪብቶ ይስማማዋል። ቀለም በሚሞላ ብዕር ከጻፉ ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ገጹን ሳይገለብጡ ይቆዩ። ሺታጂኪ የምትባለውን ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ከሥር ማስገባት የእጅ ጫና በሚቀጥለው ገጽ ላይ እንዳይታተም ያደርጋል።

በሚጠፋ ቀለም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የፓይለት ኩባንያ ፍሪክሽን የተባለው እስክሪብቶ ቀለም በፍትጊያ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይጠፋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ አጀንዳም ሳይነካ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ ጽሑፉ ይመለሳል፣ ሆን ብለው ያጠፉት ስህተት ጭምር። ለሳምንቱ ዕቅድ ምቹ ነው፤ ተመዝግቦ እንዲቆይ ለሚፈለግ ነገር ግን አይሆንም።

የተዘለሉ ቀናትን ወደኋላ ተመልሰው አይሙሉ። ዛሬን ይክፈቱ፤ ባዶዎቹ ገጾች የስብሰባ ማስታወሻ ወይም ረዘም ያለ ዝርዝር ይያዝባቸዋል።