«ፕሮቲኑ አይሠራም» ከማለታችሁ በፊት

ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ባለ ላቦራቶሪ ከሰው ፒዲ 1 ጋር እውላለሁ። ፒዲ 1 በቲ ሴሎች (በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች) ገጽ ላይ የሚገኝ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሴሉ ወደ ውጭ የወጣው ክፍሉ ብቻ ነው፤ በሪኮምቢናንት ዘዴ (ጂኑን ሌላ ሴል ውስጥ በማስገባት) ተመርቶ፣ በቅዝቃዜ ደርቆ፣ ለምርምር ብቻ። ቅሬታ ሲመጣ አስቀድሜ የምጠረጥረው አምራቹን ሳይሆን የራሳችንን እጅ ነው።

ምልክት፦ ብልቃጡ ባዶ ይመስላል

50 ማይክሮግራም ደረቅ ፕሮቲን ለዓይን አይሞላም። ክዳኑ ሥር ተለጥፎ ሊሆን ስለሚችል ሳትከፍቱ ለግማሽ ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩት። መመሪያው ሌላ ካላለ 250 ማይክሮሊትር ንጹሕ ፒቢኤስ (አሲድነቱ የተመጠነ የጨው ውኃ) ጨምራችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት። እንደ ወተት አትናጡት፤ አረፋ ፕሮቲን ይጎዳል።

ምልክት፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሠርቶ በወሩ ደከመ

በእኛ ሰፈር መልሱ ብዙውን ጊዜ የመብራት መቋረጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩ እያጉረመረመ ይጠብቃችኋል፤ ቴርሞሜትሩም ከዜሮ በታች 20 ያሳያል። እሑድ ሌሊት የሆነውን ግን አይናገርም። እኛ በኩባያ በረዶ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም እናስቀምጣለን፤ ሳንቲሙ ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ ነበር። ከላይ መገኘቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ 20 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ከኩባያው ቀድሞ ይቀልጣል።

ደረቁ ፕሮቲን ይህን መከራ ከፈሳሹ በተሻለ ይችለዋል፤ ስለዚህ የምትፈልጉትን ያህል ብልቃጥ ብቻ አሟሙ። የሟሟውን ለአንድ ቀን ሥራ በሚበቃ መጠን በየቱቦው ከፋፍሉ፤ የቀለጠውን ትራፊ መልሳችሁ አታቀዝቅዙ። ቀጭን ፈሳሽ ከሆነ ፕሮቲኑ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቀራልና 0.1 በመቶ የላም አልቡሚን ጨምሩበት። ባዮቲን (መለያ የሚሆን ትንሽ ሞለኪውል) ልታያይዙበት ካሰባችሁ ግን አልቡሚኑን ተዉት፤ ባዮቲኑ አልቡሚኑንም ይይዛል።

ምልክት፦ ጄል ላይ ከስሌቱ በእጥፍ ከበደ

በስሌት 17 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሆነው ፕሮቲን፣ ፕሮቲኖችን በክብደት በሚለየው ጄል ላይ ከ30 በላይ ቢታይ አትደንግጡ። በአጥቢ እንስሳ ሴል ከተመረተ ስኳር ተሸክሟል፤ ስኳር የሚቆርጥ ኢንዛይም ብትጨምሩበት መስመሩ ይወርዳል። ተጨማሪ ብዥ ያሉ መስመሮች ካያችሁ ናሙናውን ከጄሉ በፊት ያፈላችሁበትን ማፍያ ጠርጥሩ። መመሪያው 95 ዲግሪ ይላል፤ በዚህ ከፍታ ውኃ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። በደረቅ ማሞቂያ ሥሩ፣ ወይም ደቂቃውን አርዝሙ።

ምልክት፦ ኤላይዛው ቀለም አልሰጠም

ኤላይዛ ፕሮቲን ከተጣማሪው ጋር መያያዙን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው። የሰው ፒዲ 1 ከተጣማሪው ከፒዲኤል 1 ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው፤ ነጠላው ፕሮቲን በእጥበት ይሄዳል። በኤፍሲ ጅራት (የአንቲቦዲ ግንድ) የተጣመረው በሁለት እጅ ስለሚይዝ ይሻላል። ሁለቱም ወገን የሰው ኤፍሲ ካለው ግን ኤፍሲ የሚይዝ አንቲቦዲ አትጠቀሙ፤ ያኔ ሰሌዳው በሙሉ ይቀለማል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የማጠቢያውን ጠርሙስ አታሽትቱ፤ ምን እንደተጨመረበት ጠይቁ። እኛ ሁለት ሳምንት ፕሮቲኑን ስንረግም ከርመን፣ ለካ አንድ ባልደረባችን ለፋሲካ ዕረፍት እንዳይሻግት ብሎ ሶዲየም አዛይድ ጨምሮበት ኖሯል። አዛይድ ቀለም የሚሰጠውን ኢንዛይም ያፍናል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው «ማጠቢያ» ብቻ ነበር።