እጅ የሚያደክም የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ውፍረታቸው በሚሊሜትር እኩል የሆኑ ሁለት አንገቶች አንዱ እጅ ውስጥ ልክክ ሲል ሌላው እንደ ግንድ ሊከብድ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ትከሻው ነው፤ ማለትም የአንገቱ ጀርባ ወደ ጣት ሰሌዳው ጠርዝ ሲወጣ ምን ያህል እንጨት እንደቀረለት። ቅርጾቹ የሚጠሩት በሚመስሏቸው የላቲን ፊደላት ነው፦ «ሲ» (C) የሚባለው ቅርጽ ለስላሳ ግማሽ ሞላላ ነው። «ዲ» ጀርባው ጠፍጠፍ፣ ትከሻው ሞላ ያለ ነው። «ዩ» ጠለቅ ያለና ትከሻው የሞላ ነው። «ቪ» ደግሞ መሃሉ ላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ የወጣ ሸንተረር አለው።

መጀመሪያ ይለኩ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ይያዙና ከጣት ሰሌዳው ገጽ እስከ ጀርባው ያለውን ውፍረት 1ኛውና 12ኛው ፍሬት (ሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከለ የብረት ዘንግ) አጠገብ ይመዝግቡ። 1ኛው ፍሬት ላይ ከ20 ሚሊሜትር በታች የሆነ ስስ፣ 21 አካባቢ መካከለኛ፣ ከ22 በላይ የሆነ ወፍራም ነው። የነቱንም ስፋት ይለኩ፤ ነት ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው የሚያርፉበት ባለቦይ ቁራጭ ነው፣ ስፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ41 እስከ 43 ሚሊሜትር ይሆናል።

ምልክት፦ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ይዝላል፣ ያማል

ሰዎች አንገቱን በከንቱ የሚወቅሱት እዚህ ላይ ነው። ቅርጹን ከመክሰስዎ በፊት የክሮቹን ከፍታ ይፈትሹ። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሆድ ቀጭኑ ክር 1.6፣ ወፍራሙ 2 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ያድርጉና ባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ የሚያዝ ኮርድ) ይያዙ። ድካሙ ወዲያው ከቀነሰ ችግሩ የነቱ ቦዮች በቂ አለመቆፈራቸው ነው እንጂ አንገቱ አይደለም። ቦዮቹን በልካቸው ሞረድ ትንሽ በትንሽ ማውረድ ይቻላል፤ ከመጠን ካለፉ ግን ክፍቱ (በጣት ሳይጫኑት የሚመታው) ክር ፍሬት ላይ ይንጫጫል፣ ነቱም መቀየር ይኖርበታል። 3ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሲጫኑ ከ1ኛው ፍሬት በላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ማቆም ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሕመሙ ከቀጠለና አንገቱ ስስ ከሆነ፣ መዳፉ ባዶ ስለሚቀር እጁ እንደ መቆንጠጫ እየሠራ ነው። አውራ ጣቱና ጣቶቹ ብቻቸውን ይጨመቃሉ። ስስ አንገት ፈጣን ነው ቢባልም ለብዙ እጅ የሚያደክመው እሱ ነው። ለመፈተን 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቆዳ ቁራጭ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ባለው ጀርባ ላይ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ቀላል ፕላስተር ያጣብቁና ግማሽ ሰዓት ይጫወቱ። ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ባለው አንገት ላይ ፕላስተር አይለጥፉ፤ ቀለሙን ይነቅላል። እጁ ከተረጋጋ የሚፈልጉት ወፈር ያለ አንገት ነው። አንገቱ በብሎን የተያያዘ ከሆነ መቀየሩ ቀላል ነው፤ ግን ከመግዛትዎ በፊት የክር ርዝመቱ (ከነቱ እስከ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ገላው ላይ እስከሚያርፉበት ክፍል፤ በአብዛኞቹ የፌንደር ዓይነት ጊታሮች 648 ሚሊሜትር) እና የተረከዙ፣ ማለትም ገላው ውስጥ የሚገባው የአንገቱ ጫፍ፣ ስፋት (56 ሚሊሜትር ገደማ) መግጠሙን ያረጋግጡ።

ተቃራኒውም አለ፦ አንገቱ ወፍሮ ትንሿ ጣት አትደርስም፣ የእጅ አንጓ ይታጠፋል። ማሰሪያውን ያሳጥሩ፣ የአንገቱን ጫፍ ከፍ ያድርጉ፣ አውራ ጣትዎን ወደ ጀርባው መሃል ያውርዱ። አንገቱን ራስዎ አይላጉ፤ ትረስ ሮዱ (የአንገቱን ቀጥታ የሚያስተካክለው የብረት ዘንግ) ውስጡ አለ፣ መሃሉን ማሳሳት አንገቱን ያዳክማል። ትከሻውን ብቻ ማሳሳት ግን ጥሩ ጊታር ሠሪ የሚሠራው ሥራ ነው፣ ለውጡም ከሚጠበቀው በላይ ይሰማል።

ምልክት፦ እጅ ይጣበቃል፣ አንገቱ ላይ አይንሸራተትም

የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽና ላብ ሲገናኙ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አጽድተው በደረቅ ይወልውሉ። ካልበቃ፣ 0000 ቁጥር ያለውን የብረት ሱፍ ይጠቀሙ፤ አስቀድመው ግን ፒካፖቹን (ከክሮቹ ሥር ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ማግኔቶች) ይሸፍኑ፣ አለዚያ የብረት ብናኙ ማግኔቱ ላይ ተሰብስቦ አይወጣም። በአንገቱ ርዝመት፣ በቀላል እጅ፣ ከላይ እስከ ታች 20 ጊዜ ያህል ይሂዱበት። አግድም አይሹ፤ ጭረት ይታያል። የሚጠፋው ብርቀቱ ብቻ መሆን አለበት፤ እንጨቱ መታየት ከጀመረ አልፈዋል።

ምልክት፦ ቀጭኑ ክር ከጠርዙ ላይ ይወድቃል

12ኛው ፍሬት ላይ በሁለቱም ዳር ያለውን ክፍተት ያነጻጽሩ። በቀጭኑ ክር በኩል ብቻ ከጠበበ አንገቱ መቀመጫው ውስጥ ተጣሟል። ክሮቹን ትንሽ ያላሉ፣ አራቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ግማሽ ዙር ይፍቱ፣ ጭንቅላቱን ወደ ወፍራሙ ክር በኩል ይሳቡና መልሰው ያጥብቁ። በሁለቱም በኩል ከጠበበ ነቱ ላይ ያሉት ቦዮች ወይም ብሪጁ ለአንገቱ ይሰፋሉ፤ ጠባብ ክፍፍል ያለው ነት ወይም ብሪጅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ክር ሲጎትቱ ድምፁ ታፍኖ ይሞታል

ይህ የጀርባው ሳይሆን የጣት ሰሌዳው ጉብታ ጉዳይ ነው። ጉብታው የሚለካው በራዲየስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጉብታው ይጨምራል። 184 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ሰሌዳ ጎበጥ ስለሚል ለኮርድ ምቹ ነው፤ ክሩ ወደ ጎን ሲጎተት ግን ከፍ ያለውን መሃል ይነካል። 241 መካከለኛ ነው፤ 305 እና 406 ጠፍጠፍ ያሉ ናቸው። በጎበጠው ሰሌዳ ላይ የቀጫጭኖቹን ክሮች ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩን የሚሸከመውን ቁራጭ) የክሩ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ 2 ሚሊሜትር እስኪደርስ ድረስ በ0.2 በ0.2 ከፍ ያድርጉ። 1ኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት ሲጫኑ 7ኛው ላይ 0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት መኖሩንም ይዩ። አሁንም ከታፈነ የላይኞቹ ፍሬቶች መስተካከል ይፈልጋሉ።

ምልክት፦ የፍሬት ጫፎች ይወጋሉ

እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ብረቱ ግን አልተኮማተረም። ክፍሉን በ45 እና 55 በመቶ እርጥበት መካከል ያቆዩት። ሳምንታት አልፈው ካልተሻለ ሰሌዳውን በፕላስተር ሸፍነው ጫፎቹን ብቻ በትንሽ ሞረድ ያለስልሱ።

ምልክት፦ «ቪ» አንገት አውራ ጣትን ይወጋል

አውራ ጣትዎን ጀርባው መሃል ላይ አስደግፈው የሚጫወቱ ከሆነ ሸንተረሩ መንካቱ አይቀርም። ይህ ቅርጽ የተመቸው አውራ ጣቱን ከላይ አጥፎ ወፍራሙን ክር ለሚይዝ ሰው ነው። በማስተካከያ አይፈታም፤ ሸንተረሩ የለዘበ «ቪ» ወይም «ሲ» ይሞክሩ፣ ሙከራውም ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ግማሹ ተቀምጠው ግማሹ ቆመው ይሁን።