ፓምፑ ቆሞ ቆጣሪው ሲሮጥ፦ የዳታ መሰብሰቢያ ካርድ የጊዜ ምልክት ችግርና መፍትሄ

ጣና ዳር ካለ የመስኖ ፓምፕ የፍሰት መለኪያ የሚነሳ የፐልስ (የአጭር የኤሌክትሪክ ምት) ሽቦ ባሕር ዳር ውስጥ በምታውቁት ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ወደተሰካ ካርድ ይገባል እንበል። ንባቡ ሲበላሽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፕሮግራሙን ነው። ከሽቦው ብትጀምሩ ይሻላል።

ፓምፑ ቆሞ ፐልስ የሚቆጥረው የካርዱ ቆጣሪ በሰከንድ ወደ 50 ይቆጥራል። ቁጥሩ ራሱ ጥፋተኛውን ይናገራል፤ የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው። ሽቦው እንደ አንቴና ከአጠገቡ ካለው የኤሌክትሪክ መስመር እየለቀመ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ የመለኪያው ግራውንድ (የ0 ቮልት ሽቦ) ከካርዱ ዲጂታል ግራውንድ ጋር አልተገናኘም፤ አለዚያም መለኪያው ኦፕን ኮሌክተር ነው። ኦፕን ኮሌክተር መስመሩን ወደ 0 ማውረድ እንጂ ወደ 5 ቮልት ማንሳት አይችልም። ግራውንዱን አገናኙ፤ በምልክቱ ሽቦና በካርዱ 5 ቮልት መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ። ከዚያ በመልቲሜትር ለኩ። በቲ.ቲ.ኤል (የ5 ቮልት ዲጂታል ምልክት) ደንብ ከ2 ቮልት በላይ «1»፣ ከ0.8 በታች «0» ነው፤ 1.4 ካነበባችሁ ካርዱ የፈለገውን ቢወስን አትፍረዱበት። ክረምት ላይ ደግሞ የማገናኛ ሳጥኑን ክፈቱ። እርጥበት ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ፣ ጫፉን ቆርጣችሁ አዲስ መዳብ እስኪታይ ላጡት።

አንዱን ፐልስ ሁለት ሦስት አድርጎ ይቆጥራል። መለኪያው ውስጥ ያለው ማብሪያ ሲዘጋ እየነጠረ ነው፤ ወይም ረጅሙ ሽቦ ከፓምፑ ሞተር ገመድ ጋር አብሮ ተዘርግቷል። ሽቦውን ከሞተሩ ገመድ አርቁት፤ ምልክቱንና ግራውንዱን አብራችሁ ግመዱ። በጣም አጭር ፐልስን የሚጥለውን የካርዱን ዲጂታል ማጣሪያም አብሩ፤ የማጣሪያው ጊዜ ግን ከእውነተኛው ፐልስ ስፋት ማነስ አለበት፤ አለዚያ እውነተኛውንም ይውጠዋል።

ፕሮግራሙ ጠብቆ ጠብቆ ይቆማል። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ በተባለው ኩባንያ ካርዶች ላይ ይህ ስህተት -200284 ሆኖ ይታያል። የውጭ ሰዓት (ካርዱ መቼ እንደሚለካ ከውጭ የሚነግር ፐልስ) ወይም የመነሻ ትሪገር (ልኬቱን የሚያስጀምር ምልክት) መርጣችሁ ፐልሱ አልደረሰም። ወደ ካርዱ የውስጥ ሰዓት ቀይሩት፤ ንባቡ ከጀመረ ችግሩ ውጭ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ፒ.ኤፍ.አይ (የካርዱ የምልክት መግቢያ) 0 ተጽፎ ሽቦው 1 ላይ የታሰረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስህተት -200019 ይወጣል። የውጭው ሰዓት ካርዱ ከሚችለው በላይ ፈጥኗል። ብዙ ካርዶች ቻናሎችን (የምልክት መግቢያዎችን) በየተራ የሚለካ፣ ቮልትን ወደ ቁጥር የሚለውጥ አንድ መቀየሪያ ብቻ ነው ያላቸው፤ በሰከንድ 250,000 ናሙና የሚወስድ ካርድ ለአራት ቻናል ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 62,500 ነው። ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ስህተቱ ከቀጠለ ሰዓቱ ላይ ትርፍ ጠርዝ (የምልክቱ መውጫ ወይም መውረጃ) የሚጨምር የኤሌክትሪክ ረብሻ አለ፤ ከላይ ወደተነገረው ግመዳ ተመለሱ።

24 ቮልት የሚያወጣ የኢንዱስትሪ ሴንሰር በቀጥታ ወደ ካርዱ አታስገቡ። የካርዱ ዲጂታል መግቢያ የሚችለው 5 ቮልት ነው፤ በመካከል ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን አሻግሮ ሁለቱን ወገን የሚለያይ ክፍል) ይግባ።