ከትንሹ ወደ ትልቁ ካሜራ፦ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ሰርግ ማንሳት የሚጀምር ልጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። “ጋሼ፣ ትንሹን ካሜራ ልግዛ ወይስ ትልቁን?” ይለኛል። ትንሹ የሚለው ካኖን 2000ዲን ወይም ኒከን ዲ3500ን ነው። ትልቁ ደግሞ የካኖኑ 5ዲ ማርክ 3፣ 5ዲ ማርክ 4 ወይም የኒከኑ ዲ850 ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ ብራቸውን ካወጡ በኋላ መጠየቃቸው ነው። ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ያለውን ብር ሁሉ ቦዲው ላይ መጨረስ

ይህን ስህተት ማየት ስለሰለቸኝ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ልጁ ዕቁብ ይወጣለታል፤ ወይም ዱባይ ያለች እህቱ ታግዘዋለች። ብሩን በሙሉ አውጥቶ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነው ካሜራ) ቦዲ፣ ማለትም ካሜራውን ያለ ሌንስ፣ ይገዛል። ለሌንስ የተረፈ ነገር የለም። ከሰው የተዋሰውን አሮጌ ዙም ይገጥምበትና አዳራሽ ይገባል። ፎቶው ሲወጣ ኖይዝ (ብናኝ የሚመስል ነጠብጣብ) የበዛበት፣ ሰው ሁሉ የተንቀጠቀጠበት ይሆናል። ከዚያ “ካሜራው ችግር ይኖርበት ይሆን?” ብሎ ይደውላል።

ካሜራው ምንም አልሆነም። ብርሃን የሚያስገባው ሌንሱ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የፉል ፍሬም ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። የ2000ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ነው። ትልቁ በስፋት 2.6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ጥሩ ጥቅም ነው፤ አልክድም። አሁን ወደ ሌንሱ እንምጣ። ከትንንሾቹ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ዙም እስከ 55 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 10 እጥፍ ይጠጋል። በዙሙ 1/20 ሰከንድ የጠየቀ አዳራሽ በ50ው 1/200 ይሰጣችኋል ማለት ነው። በ1/20 እስክስታ የሚመታ ሰው ጭጋግ ነው። በ1/200 ፊቱ ይለያል።

የካኖን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ክብደቱ 160 ግራም ነው፤ ከካኖን ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። 2000ዲ ላይ ሲገጠም እንደ 80 ሚሊሜትር ያያል። ለሙሽሪት ፊት በጣም ደስ የሚል ርቀት ነው። ለቤተዘመድ ፎቶ ይጠባል፤ እዚያ ላይ 18-55ቱን መልሱና በፍላሽ አንሱ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመም 1.8 ላይ አትተኩሱ። አንዱ ጥርት ሲል ሌላው ይደበዝዛል። ወደ 2.8 አጥብቡት።

እኔ የምመክረው ይህ ነው። ብራችሁ ውስን ከሆነ ትንሹን ቦዲ፣ 50ውን ሌንስና አንድ የውጭ ፍላሽ ግዙ። ይህን የያዘ ልጅ፣ 5ዲ ላይ ደካማ ዙም ከገጠመው ጎረምሳ የተሻለ ፎቶ ይዞ ከአዳራሽ ሲወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሜጋፒክስል መቁጠር

2000ዲ 24.1 ሜጋፒክስል ነው። 5ዲ ማርክ 3 22.3 ነው። በቁጥር ትንሹ ይበልጣል፤ ይብቃን።

ሌንሱ ይገጥም እንደሆነ ሳይጠይቁ መግዛት

ካኖን ለትንንሾቹ ካሜራዎች የሠራቸው ኢኤፍ-ኤስ የሚባሉ ሌንሶች አሉ። እነዚህ 5ዲ ላይ ጨርሶ አይገቡም። የኋላቸው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ቢገቡ ኖሮ ካሜራው ውስጥ ያለውን መስታወት ይነኩት ነበር። “ቦዲውን ልቀይር፣ ሌንሶቼ ይበቁኛል” ብሎ የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሌንሱን ስም ያንብብ። ኢኤፍ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ላይ ይሠራል።

ኒከን ሌላ ነው። የትንሹ ሌንስ ትልቁ ላይ ይገጥማል፤ ግን ካሜራው የሴንሰሩን መሀል ብቻ ይጠቀማል። የዲ850 45.7 ሜጋፒክስል ወደ 19 ገደማ ይወርዳል። የኒከን ዋናው ወጥመድ ግን በሌላው አቅጣጫ ነው። ዲ3500 ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። 50 ኤፍ 1.8ዲ የሚባለው አሮጌው ሌንስ ስለሚረክስ ብዙ ልጆች ይገዙታል። ቤት ሲደርሱ ፎከሱ አልንቀሳቀስ ይላቸዋል። አልተበላሸም። ዲ3500 ላይ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግም። ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ፈልጉ።

ትልቁ ካሜራ ያስብልኛል ማለት

ዲ850 የገዛ ልጅ “አውቶው የት ነው?” ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። የለውም። ዲ3500 ላይ ያለው አረንጓዴው አውቶ ዲ850 ላይ የለም፤ ለሚያውቅ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። በሌላ በኩል “ትንሹ ካሜራ ማኑዋል (ሁሉን በራስ ማስተካከል) የለውም” የሚሉም አሉ። አለው። ሮውም (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አለው። የሚለየው አያያዙ ነው። 2000ዲ ላይ ማዞሪያው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በማኑዋል ስትሠሩ የሌንሱን ቀዳዳ ለመቀየር ቁልፍ ተጭናችሁ ማዞር አለባችሁ። ትልቁ ላይ አንዱን በአውራ ጣት፣ ሌላውን በሌባ ጣት ታዞራላችሁ። ዓይናችሁ ከማያው አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብርሃን መለካት ላይ ግን ሁለቱም ይሳሳታሉ። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው የትኛውም ካሜራ “በጣም በራ” ብሎ ያጨልመዋል። ነጩ ጥጥ ግራጫ ይሆናል፤ የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል። ጥምቀት ላይ የተነሱ ፎቶዎች ላይ ይህን በየዓመቱ አያለሁ፤ በየዓመቱም ያናድደኛል። መፍትሔው የብርሃን ማካካሻውን ወደ አንድ ፕላስ ከፍ ማድረግ ነው። ቁልፉ ትንሹም ላይ አለ።

ትልቁ ካሜራ የእውነት የሚበልጠው ፎከስ ላይ ነው። 2000ዲ 9 የፎከስ ነጥብ አለው። ከነሱም ጨለም ሲል የሚታመነው የመሀሉ ነው። 5ዲ ማርክ 3 61 አለው። ቤተክርስቲያን ውስጥ በሻማ ብርሃን የሚሠራ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሰዓት ይረዳዋል። ትንሹን የያዛችሁ የመሀሉን ነጥብ ብቻ ምረጡ። ዓይን ላይ አስተካክሉ፤ ከዚያ ፍሬሙን አዛውሩ።

ሰርግን በአንድ ካርድ ማንሳት

አንድ የማውቀው ጎበዝ ልጅ ነበር። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ሥራውን ይወዳል። የቤተክርስቲያኑን ሥርዓት ሙሉውን በአንድ ካርድ አነሳ። አዳራሽ ሲደርስ ካሜራው ካርዱን ማንበብ አልቻለም አለው። በኋላ ባለሙያ ጋ ሄዶ የተወሰነው ፎቶ ተመለሰ። ተክሊሉ ግን አልተመለሰም። የሙሽሪት እናት ፊቱ ቆማ ስትጠይቀው ምን ይበላት? ተክሊል አይደገምም።

ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ የሚገዛው ለዚህ ነው። 5ዲ ማርክ 3፣ የኒከኑ ዲ750፣ ዲ850፣ ሁሉም ሁለት የካርድ ቦታ አላቸው። ዲ3500 እና 2000ዲ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ለሰው ሠርታችሁ ብር የምትቀበሉ ከሆነ፣ ከፉል ፍሬሙም ከሜጋፒክስሉም በፊት ይህን እዩ።

ግን ሁለት ቦታ መኖሩ ብቻ አያድንም። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ካርድ አንደኛው ሲሞላ እንዲቀጥል አድርጎ ይተወዋል። ያ መጠባበቂያ አይደለም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ እንዲጽፍ አድርጉ። አንድ ቦታ ብቻ ያለው የያዛችሁ ደግሞ ትልቅ ካርድ ትታችሁ ትንንሽ ካርዶች ያዙ። የሙሽሪት ቤት አንድ፣ ቤተክርስቲያን ሌላ፣ አዳራሽ ሌላ። የተነሳበትን ካርድ ከካሜራው ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።

ትንንሽ የሚመስሉ፣ ግን ብር የሚያስወጡ

ክብደት። ዲ3500 ከባትሪው ጋር 415 ግራም ነው፤ ዲ850 1005 ግራም ነው፤ ያውም ያለ ሌንስ። ጉዞ ላይ ለሚያነሳ ሰው ትንሹ የተሻለ ምርጫ ነው። ባትሪውም በአንድ ሙሌት እስከ 1550 ፎቶ እንደሚያነሳ ኒከን አስታውቋል።

ኮምፒውተር። የዲ850 አንድ ሮው ፋይል 50 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ላፕቶፓችሁ ካልቻለው የኤዲቲንግ ሥራችሁ ይቆማል።

የፍላሽ እግር። ካኖን 4000ዲ እና 250ዲ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሀል ያለችው ክብ ብረት የለችም። ርካሽ የሆኑት ማኑዋል ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስተኩሱት) በዚያች ብረት ነው የሚተኮሱት። ከመክፈላችሁ በፊት ከላይ እዩት።

ማይክ። ቪዲዮም አነሳለሁ ካላችሁ 2000ዲ እና ዲ3500 የማይክ መሰኪያ የላቸውም። ድምፁን ለብቻው መቅዳት አለባችሁ።

ያገለገለ ካሜራን በመልኩ መግዛት

ፒያሳም ሆነ መገናኛ፣ የተወለወለ ቦዲ ስላያችሁ አትደሰቱ። የሻተሩን ቁጥር፣ ማለትም ካሜራው ስንት ጊዜ እንደተኮሰ፣ ጠይቁ። ኒከን ዲ3500ን ለ100,000፣ ዲ850ን ለ200,000 ተኩስ ፈትሾታል። 5ዲ ማርክ 3 150,000 ነው። በአንድ ሰርግ 2,000 ጊዜ የሚተኩስ ሰው በ50 ሰርግ 100,000 ይሞላል። ስለዚህ የሰርግ ካሜራ ስትገዙ የቀድሞ ባለቤቱን ሥራ ጠይቁ። ኒከን ላይ ማወቁ ቀላል ነው፤ እዚያው አንድ ጄፔግ አንሱና ፋይሉን የሚያነብ ፕሮግራም ላይ ክፈቱት፤ ቁጥሩ ውስጡ ተጽፏል። ካኖን አብዛኞቹ ላይ ፎቶው ውስጥ አይጽፍም። በኬብል አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

“ዲኤስኤልአር ሞቷል” ሲባል ተደናግጦ መሸጥ

ካኖንም ኒከንም ፊታቸውን ከዲኤስኤልአር፣ ማለትም እስካሁን ካወራንባቸው ባለ መስታወት ካሜራዎች፣ መስታወት ወደሌለው ሚረርለስ አዙረዋል። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዲኤስኤልአሮቻቸው፣ 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 እና ዲ6፣ የወጡት በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ለሚሸጥ ሰው መጥፎ፣ ለሚገዛ ሰው ግን ጥሩ ዜና ነው። ትናንት የማይደረስባቸው ቦዲዎች ዛሬ ይደረስባቸዋል።

ወደፊት ሚረርለስ እገዛለሁ የምትሉ ከአሁኑ በሌንስ ምርጫ ተዘጋጁ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር ከነፎከሳቸው ይሠራሉ። የኒከን ኤኤፍ-ኤስ ሌንሶችም ኤፍቲዜድ በሚባለው አዳፕተር እንዲሁ ይሠራሉ። ከላይ ያነሳሁት 50 ኤፍ 1.8ዲ ግን እዚያም በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚያደርገው፤ አዳፕተሩም ሞተር የለውም።