"134 ወጣልኝ" ከማለታችሁ በፊት፦ የኦንላይን አይኪው ፈተና ውጤት እንዴት ይነበባል?

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በተለይ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን፣ ልጆች ስልካቸው ላይ የአይኪው ፈተና፣ ማለትም የአእምሮ ችሎታን በቁጥር እለካለሁ የሚል ፈተና፣ ሲሞክሩ አያለሁ። አንዱ 134 አገኘሁ ብሎ ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ሌላዋ 88 ይወጣላትና ለማንም ሳትናገር ስልኳን ታጠፋለች። እኔን የምታሳስበኝ ሁለተኛዋ ናት። ውጤት ያልመጣላት ልጅ በዚያው ሳምንት "ጭንቅላቴም አይሠራም ማለት ነው" ብላ ስትደመድም ዝም ብሎ ማየት አንጀት ይበላል። ቁጥሩ እኮ እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስጠት የሚያበቃ አቅም የለውም። ለዚህ ነው ፈተናውን ከመጀመራችሁ በፊትም፣ ስትሠሩም፣ ውጤቱ ሲመጣም ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ የምጽፍላችሁ።

ቁጥሩ ከመቶ አይደለም

88 ማለት ከመቶ 88 ማለት አይደለም። 100ም ሁሉንም መለሰ ማለት አይደለም። 100 ማለት የመሐለኛው ሰው ቦታ ነው፤ ፈተናው መጀመሪያ ለብዙ ሰው ተሰጥቶ አማካዩ 100 እንዲባል ተደርጓል። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለው ርቀት ደግሞ በ15 ነጥብ ይለካል። በዚህ አለካክ ከ100 ሰው 68ቱ ገደማ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። 95ቱ ገደማ ከ70 እስከ 130 ውስጥ ናቸው። ከ130 በላይ የሚያልፉት 2 ያህል ብቻ ናቸው። እንግዲህ ባለ 88ቷ ልጅ፣ ፈተናው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ያለችው ብዙው ሰው ካለበት መሐል ነው።

አጀማመሩም ሰውን ደረጃ ለማውጣት አልነበረም። በ1905 ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን ፈተናውን ያዘጋጁት ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ ተጨማሪ እገዛ ለመስጠት ነው። ቢኔ ራሱ የልጅ አእምሮ አንዴ ተለክቶ የሚያበቃ፣ የማይለወጥ ነገር ነው የሚሉትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮ ዕድሜን ለእውነተኛው ዕድሜ ማካፈልን አመጣ፤ በ1916 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ያንን በ100 አባዛው። የ10 ዓመት ልጅ እንደ 12 ዓመት ልጅ ከመለሰ 120 ይባላል። ለልጅ ያስኬዳል፤ ለ50 ዓመት ሰው ግን ትርጉም የለውም። በ1939 ዴቪድ ዌክስለር ሰውን ከእኩዮቹ ጋር የሚያወዳድር የአዋቂ ፈተና አወጣ። ዛሬ የምናየው ቁጥር የዚያ ዘር ነው። ንጽጽር ነው ማለት ነው። ንጽጽር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ "ከማን ጋር?" የሚል መሆን አለበት።

ከማን ጋር እንዳወዳደሯችሁ ፈልጉ

ይሄን በሒሳብ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያወጣኋቸው ናቸው። ፈተናው 30 ጥያቄ አለው እንበል። እናንተ 22 መለሳችሁ። ድረ ገጹ 22ን ወደ አይኪው ለመቀየር ሌሎች ሰዎች ስንት እንዳገኙ ማወቅ አለበት። የሌሎቹ አማካይ 16፣ ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ ርቀት 5 ከሆነ፣ እናንተ ከአማካዩ በ6 ትበልጣላችሁ። 6 ለ5 ሲካፈል 1.2፤ በ15 ሲባዛ 18። ስለዚህ 118 ናችሁ።

አሁን ያው ፈተና፣ ያው 22። ነገር ግን ድረ ገጹን የሚጎበኙት እንቆቅልሽ የሚወዱና እየደጋገሙ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው እንበል፤ አማካያቸው 24፣ ርቀቱ 4። አሁን ከአማካዩ በ2 አነሳችሁ። ውጤቱ 92 ወይም 93 ይሆናል። ጭንቅላታችሁ አልተለወጠም፣ መልሳችሁም አልተለወጠም፤ የተለወጡት ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ድረ ገጹ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ ካልነገራችሁ 118ም ሆነ 92 ልትይዙት የምትችሉት ነገር አይደለም።

ስለዚህ "ጀምር" የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት "ስለ እኛ" ወይም "ስለ ፈተናው" የሚለውን ገጽ ክፈቱ። የምትፈልጉት ይህን ነው፦ ፈተናው ለስንት ሰው ተሰጥቶ ተመዘነ፣ በየት አገር፣ በምን ዕድሜ፣ መቼ። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2008 የወጣው አራተኛው የዌክስለር የአዋቂዎች ፈተና ከ16 እስከ 90 ዓመት በሆኑ 2,200 አሜሪካውያን ላይ ነው የተመዘነው፤ ይህም በግልጽ ተጽፏል። "በሚሊዮኖች የታመነ" የሚል ማስታወቂያ ብቻ ካገኛችሁ መልስ አላገኛችሁም።

መቼ የሚለውን ችላ አትበሉት። ጄምስ ፍሊን የሚባል ተመራማሪ በ1984 ባወጣው ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ የሰዎች ውጤት በየ10 ዓመቱ 3 ነጥብ ገደማ ሲጨምር እንደኖረ አሳይቷል። ይህ ጭማሪ በቀጠለበት ቦታ ሁሉ ሚዛኑ ያረጀ ፈተና ከሚገባው በላይ ቁጥር ይሰጣል።

የመለኪያውንም ዓይነት እዩ። በየገበያው ቁናው እንደሚለያይ ሁሉ የአይኪው ፈተናዎችም ርቀቱን በተለያየ ነገር ይለካሉ፤ አንዱ በ15፣ ሌላው በ16፣ ሌላው በ24። በ15ቱ 130 የሆነ ሰው በ16ቱ 132፣ በ24ቱ 148 ነው። ሦስቱም አንድ ቦታ ናቸው። ጓደኛችሁ 148 አግኝቶ እናንተ 130 ካገኛችሁ፣ ሳትናደዱ በፊት ይሄን ጠይቁት።

180 ወይም 190 የሚያድል ድረ ገጽ ካያችሁ ግን ዝጉት። በ15 ነጥብ መለኪያ 160 የሚደርሰው ከ30 ሺህ ሰው አንድ ገደማ ነው። ያንን በእርግጠኝነት ለመናገር እንኳ ምን ያህል ሕዝብ መፈተን እንዳለበት አስቡት፤ ለ180ማ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ስትሠሩ

አብዛኛው የኦንላይን ፈተና የሥዕል ጥያቄ ነው። ሥረ መሠረቱ ጆን ሬቨን የሚባል እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ ያወጣው ፈተና ነው። ሦስት በሦስት ሆነው የተደረደሩ ዘጠኝ ሳጥኖች ታያላችሁ፤ የመጨረሻው ባዶ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ነጥብ። በሁለተኛው ረድፍም እንደዚያው፣ ግን ነጥቦቹ ክብ ውስጥ ገብተዋል። ሦስተኛው ረድፍ ካሬ ውስጥ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ባዶ። መልሱ ካሬ ውስጥ ያሉ ሦስት ነጥቦች ነው። ወደ ጎን አንድ ሕግ፣ ወደ ታች ሌላ ሕግ አለ። እያደረ ይከብዳል እንጂ ጠባዩ ይሄው ነው።

እንግዲህ ይሄን አንዴ ያነበበ ሰው ፈተናውን ከማያውቀው ሰው ይሻላል። አእምሮው ስላደገ ሳይሆን ጨዋታው ስለገባው ነው። ለዚህ ነው ያንኑ ፈተና ደግሞ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨምረው። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ሙከራችሁን እንደ ልምምድ ቁጠሩት እንጂ እንደ ልኬት አትውሰዱት። ግምትም አለ፤ 30 ጥያቄ በየ6 ምርጫው ካለ ዓይኑን ጨፍኖ የነካካ ሰው በአማካይ 5 ያገኛል።

ደግሞ ሁኔታውን አመቻቹ። ይሄ ጉዳይ ጎጃም ውስጥ ቀላል አይደለም። መብራት ሄዶ ስልኩ 9 በመቶ ሲቀረው፣ ኔትወርኩ ሥዕሉን ሳያመጣ ሰዓቱ ሲሮጥ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ክቡና ካሬው ሲምታታ የሚሠራ ፈተና የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱ ከመቆጠሩ በፊት ሥዕሎቹ በደንብ መምጣታቸውን እዩ። እንቅልፍ ጠግባችሁ፣ በልታችሁ ሥሩ። ከፈተና ውጤት ሐዘን ማግስት አትሥሩት፤ ጭንቀት ራሱ ነጥብ ይበላል።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቃላት ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው። ቢቸና ተወልዶ በአማርኛ ያደገ ልጅ በደቂቃ ስንት የእንግሊዝኛ ቃል እንደሚያነብ ነው የሚነግራችሁ። ውጤቱን ከነጭራሹ ተዉት።

ውጤቱ ሲመጣ

ቁጥሩን በነጠላው አታንብቡት። በባለሙያ ፊት ለፊት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚወስደው ደኅና ፈተና እንኳ ውጤቱን በዙሪያው 5 ነጥብ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ክፍት አድርጎ ነው የሚነግራችሁ። 105 ካላችሁ "ከ100 እስከ 110 ባለው ይሆናል" ማለት ነው። የስልክ ፈተናው ከዚህ የባሰ ነው። በላይኛው ምሳሌ አንዲት ጥያቄ ብቻዋን 3 ነጥብ ነበረች። ጣታችሁ ስቶ ሁለት ጥያቄ ቢያበላሽባችሁ 6 ነጥብ ሄደ። ስለዚህ ድረ ገጹ ምንም ባይል እንኳ እናንተ ራሳችሁ 10 ነጥብ ወደ ላይ፣ 10 ነጥብ ወደ ታች ጨምራችሁ አንብቡት። ባለ 88ቷ ልጅ ከ78 እስከ 98 የትም ልትሆን ትችላለች ማለት ነው፤ ይህም መመዘኛው ትክክል ከሆነ ነው።

በየጊዜው ተመሳሳይ ቁጥር የሚሰጥ ፈተና ቢገኝስ? አስተማማኝ ነው እንላለን። ይሁንና የሚለካው ምን እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምፈልገውም እሱን ነው። በ1931 እና በ1932 ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምሊያ በሩቅ ሰሜን ናት፤ የዚያ ድብ ቀለሙ ምንድን ነው? ከገበሬዎቹ የመጣው መልስ "እኔ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልናገርም፣ የሄደበትን ሰው ጠይቅ" የሚል ዓይነት ነበር። ፈተና ቢሆን ዜሮ ነው። እኔ ግን ዳሞት ላይ በሽምግልና የሚታወቁ አባት ይሄው ቢጠየቁ ከዚህ የተለየ መልስ የሚሰጡ አይመስለኝም። ያላዩትን አለመመስከር ለሳቸው ትልቁ ቁም ነገር ነውና። የወረቀት ጥያቄን በወረቀት ሕግ መመለስ ትምህርት ቤት የሚያስለምደው ልማድ ነው። ያ ልማድ ያለው ሰው ይበልጣል፣ የሌለው ያንሳል።

ያለንበትን አገርም አስቡ። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ ወይም ዲማ ወይም ደብረ ኤልያስ ሄዶ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ወረቀት የለም፤ ቤቱን፣ ዜማውን፣ ሰሙንና ወርቁን በአንድ ላይ በጭንቅላቱ ይዞ ጓደኞቹ ባሉበት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም እዚያው ያርሙታል። ከዚህ የበለጠ አእምሮን የሚያሠራ ነገር ቶሎ አይመጣልኝም። በስልካችሁ ላይ ያለው የነጥብና የካሬ ፈተና ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን አይነካም። ይሄን የምለው አይኪው ባዶ ነው ለማለት አይደለም። በደንብ የተሠራው ፈተና ከትምህርት ውጤት ጋር ጥሩ ዝምድና እንዳለው በብዙ ጥናት የታየ ነው። የሚለካው ግን የአእምሮን አንድ ወገን ነው።

ሻል ያለውን ከፈለጋችሁ

ለጨዋታና ለልምምድ ከሆነ የሜንሳ ማኅበራት በነፃ የለቀቋቸው መለማመጃዎች አሉ። ሜንሳ በ1946 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተ፣ ከሕዝቡ ከላይ ባሉት 2 በመቶ ውስጥ የገቡትን ብቻ የሚቀበል ማኅበር ነው፤ ለአባልነት ግን ክትትል ያለበት ፈተና ይፈልጋል እንጂ የመለማመጃውን ውጤት አይቀበልም። ባለቤቶቹ ራሳቸው የማይቀበሉትን ቁጥር እናንተም አትቀበሉት።

ለቁም ነገር ከሆነ ሥልጠና ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጉ። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሥነ ልቦና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ስላለ ከዚያ ጠይቃችሁ ጀምሩ። ባለሙያውንም በአክብሮት "ፈተናው ለአማርኛ ተናጋሪ ተመዝኗል ወይ? ካልሆነስ ውጤቱን እንዴት ነው የሚያነቡት?" በሉት። ጎበዝ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

ገንዘብና ስልክ ቁጥር

ብዙው ድረ ገጽ ግማሽ ሰዓት ካለፋችሁ በኋላ ነው "ውጤቱን ለማየት ክፈል" የሚለው። መጀመሪያ የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል ግን ከጥቂት ቀን በኋላ በየወሩ የሚቆረጥ ሌላ ሒሳብ ሊኖር ይችላል። ልጆች የውጭ ካርድ ስለሌላቸው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ያስቸግራሉ፤ ከዚያ የእትዬ ካርድ በየወሩ እየተቆረጠ የዘመድ ፍቅር ይበላሻል። አትክፈሉ። ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ከድረ ገጹ ሰርዙና የሰረዛችሁበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ፤ ካርዱን ያዋሳችሁ ሰው ደግሞ ለባንኩ ይንገር።

በፌስቡክ ግቡ፣ ስልክ ቁጥር አስገቡ፣ የትውልድ ቀን ንገሩን ሲላችሁም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄ መመለስ ስምን አይፈልግም። በ2018 ይፋ በወጣው የካምብሪጅ አናሊቲካ (የምርጫ ቅስቀሳ አማካሪ ድርጅት) ጉዳይ ፌስቡክ ላይ የተሰራጨች የጠባይ መጠይቅ የሚሊዮኖችን መረጃ፣ ያልተጠየቁትን የጓደኞቻቸውን ጭምር፣ ይዛ ሄዳለች።

ልጆቻችሁን በዚህ አትለኩ

ልጃችሁ ትምህርት ከከበደው የስልክ ፈተና አትስጡት፤ ውጤቱንም ለመምህሩ አታሳዩ። መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ያነብ እንደሆነ ጠይቁት። ጆሮውንም አሳዩ። ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ቁርስ በልቶ እንደሚሄድ፣ ከትምህርት መልስ ከብት ሲጠብቅ ለጥናት ጊዜ ይተርፈው እንደሆነ እዩ። ከዚያ መምህሩን አግኙና በየትኛው ትምህርት፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ወደኋላ እንደቀረ ጠይቁ። አንድ ልጅ ክፍልፋይ ስላልገባው የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ሁሉ ሊጨልምበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ማስጠኛ የሚስተካከል ነው። ይሄ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልተገኘ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ ስትሄዱም የክፍል ውጤቶቹንና ደብተሮቹን ይዛችሁ ሂዱ።